የኮምፒውተር ላቡ ሲከፈት የሚጠፋ ኔትወርክ፦ በጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ያጋጠመ የሉፕ ጉዳይ

ሉፕ ማለት የኔትወርክ ኬብሎች ክብ ሠርተው መልእክት ማቆሚያ አጥቶ ሲዞር ነው። ጉዳዩ ያጋጠመው ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከአንደኛው ሴሚስተር ዕረፍት መልስ የግቢው ኔትወርክ በሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ይል ጀመር። ሬከርድ ቢሮ የተማሪ ውጤት የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ማግኘት አቃተው። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ኢንተርኔት የለውም። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ የሚያድል አገልግሎት) አድራሻ ስላልሰጣቸው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል። ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ፣ ሁሉም ነገር ምንም እንዳልነበረ ይሠራል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ፣ ትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተናውን በዚሁ ኔትወርክ ለመስጠት እየተዘጋጀ ነበር። ስለዚህ ነገሩ እንደ ተራ የኢንተርኔት መቆራረጥ የሚታለፍ አልነበረም። አርባ ተማሪ ፈተና ላይ ተቀምጦ ኔትወርኩ ቢሄድ የሚደርሰውን ጭንቀት መምህራኑ በደንብ ያውቁታል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የቴሌ መስመር ነው። ቀጥሎ ቫይረስ ተባለና የላቡ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ተፈተሹ። ራውተሩም ተቀየረ። ሦስቱም ጥርጣሬዎች መነሻ ነበራቸው፦ ኢንተርኔት በእርግጥ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሮቹ በእርግጥ ይንቀራፈፋሉ፤ ራውተሩም ተነቅሎ ሲሰካ አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ይህ የመጨረሻው በተለይ አሳሳች ነው። ሉፕ ያለበት ኔትወርክ እንደገና ሲነሣ የመጀመሪያው ብሮድካስት (ለሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት) እስኪመጣ ለጥቂት ሰከንዶች ደህና ይሆናል፤ ሰው ደግሞ «ሪስታርት ሲደረግ ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ሬከርድ ቢሮ ውስጥ ባለው ሳጥን የቴሌ ፋይበር የሚገባበት ራውተር፣ የውጤት ኮምፒውተሩና አንድ ማኔጅ የሚደረግ (ሴቲንጉ የሚቀየር) ባለ 24 ፖርት (መሰኪያ) ጊጋቢት ስዊች፣ ማለትም ኬብሎችን የሚያገናኝ መሣሪያ፣ አሉ። ከዚህ ዋና ስዊች አንድ ኬብል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ወደ መምህራን ማረፊያ፣ አንድ ደግሞ 70 ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ኮምፒውተር ላብ ይሄዳል። ላቡ ውስጥ ማኔጅ የማይደረጉ ሁለት ባለ 24 ፖርት የ100 ሜጋቢት ስዊቾች አሉ። ስዊች 1 ከዋናው ጋር ይገናኛል፤ ስዊች 2 ደግሞ በፖርት 24 በኩል ከስዊች 1 ጋር። ከሁለቱ የወጡት ኬብሎች በግድግዳ ሶኬቶች አልፈው ለ40 ኮምፒውተሮች ይደርሳሉ። ሶኬቶቹ ላይ ቁጥር አልተጻፈም፤ ይህ በኋላ ብዙ ሰዓት አስበልቷል።

ፍለጋው

ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «መቼ መቼ ይጠፋል?» የሚለው ሆኖ ተገኘ። የላቡ ኤሌክትሪክ የላብ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ በብሬከር ይዘጋል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲጀምር ይከፈታል። ላብ በሌለበት ቀን ኔትወርኩ ሰላም ነው። ይህ ከላቡ መዝገብ ጋር ሲተያይ ወዲያው ታየ። የመብራት መቆራረጥ ነገሩን ሲያደበዝዘው ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም አብሮ ስለሚነሣ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይለይም።

ችግሩ በተነሣበት ሰዓት ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ተገናኘ፤ ዋናው ስዊች ከራውተሩ ተነቅሏል። ኢንተርኔቱ በደንብ ሠራ። የቴሌ መስመርና ራውተሩ በዚሁ ነጻ ወጡ። ከዚያ ዋናው ስዊች ላይ ያሉት መብራቶች ታዩ፦ ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ፖርት ሳይቀር ሁሉም እኩል፣ ያለማቋረጥ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይርገበገባሉ። ጤነኛ ስዊች ላይ እያንዳንዱ ፖርት የየራሱ አረጋገብ አለው።

ላፕቶፑ ዋናው ስዊች ላይ ተሰክቶ ዋየርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ለ5 ሰከንድ ብቻ ተከፈተ። ከዚያ በላይ መተው አያስፈልግም፤ ላፕቶፑ ራሱ ሊደርቅ ይችላል። የተያዘው ሁሉ ማለት ይቻላል የዲኤችሲፒና የኤአርፒ (አንድ አድራሻ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ) ብሮድካስት ነበር። ማስረጃው ግን ብዛቱ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው፦ አንዱ የዲኤችሲፒ ጥያቄ፣ የግብይት ቁጥሩና የአይፒ መለያ ቁጥሩ ሳይለወጥ፣ በሺህ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ኮምፒውተሮች በቫይረስ ተነሣስተው ቢልኩ ኖሮ ቁጥሮቹ ይለያዩ ነበር። ቲቲኤሉም (መልእክቱ በየራውተሩ ሲያልፍ የሚቀንስ የዕድሜ ቁጥር) አልቀነሰም። ቲቲኤል እየቀነሰ የሚዞር ፓኬት ራውተሮች መካከል ያለ ሉፕ ምልክት ነው፤ ሳይቀንስ የሚዞረው ስዊቾች መካከል ያለ ሉፕ ነው።

ቀጥሎ ከዋናው ስዊች የሚወጡት ኬብሎች አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ 10 ሰከንድ እየተጠበቀ፣ ተነቀሉ። ቤተ መጻሕፍት ሲነቀል ለውጥ የለም፤ ተመልሶ ተሰካ። የመምህራን ማረፊያ፣ ለውጥ የለም። ላቡ ሲነቀል መብራቶቹ ወዲያው ረጉ፤ ሬከርድ ቢሮም ሥራውን ቀጠለ። እስከዚህ ያለው 15 ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ማንም የአይሲቲ መምህር ሊያደርገው ይችላል። ላቡን ቆርጦ ሌላውን ግቢ ማዳን ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበት እርምጃ ነው።

መቆሙ መገኘቱ አይደለም

የጉዳዩ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ላቡ ውስጥ በስዊች 1 እና በስዊች 2 መካከል ያለው ኬብል ሲነቀል የብሮድካስቱ ማዕበል ቆመ። «ኬብሉ ተበላሽቷል» ተባለ። በቴስተር ሲለካ ስምንቱም ሽቦ ደህና ነው። አዲስ አርጄ45 (የኬብል ጫፍ መሰኪያ) ተጨምቆ ተሰካ፤ ማዕበሉ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አዲስ ኬብል ተሠርቶ ተሰካ፤ ማዕበሉ ተመለሰ። በመጨረሻ ኬብሉ ተነቅሎ እንዲቀር ተደረገና ላቡ ሥራ ጀመረ፤ ሁሉም ኮምፒውተር ኢንተርኔት አገኘ።

ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ነበር። ስዊች 2ን ከተቀረው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ኬብል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተነቅሏል። ታዲያ የስዊች 2 ኮምፒውተሮች በየት በኩል ኢንተርኔት አገኙ? ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። የተነቀለው ትክክለኛው ኬብል ነው፤ ጥፋተኛው እንደተሰካ ነው። ሉፕ ክብ ስለሆነ የትኛውም ቦታ ላይ ቢቆረጥ ይቆማል፤ ስለዚህ ማዕበሉን ያቆመው ኬብል ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ተደርጎ ቢተው ኖሮ ከወራት በኋላ አንድ ሰው ባዶውን ፖርት 24 አይቶ፣ ለመርዳት ብሎ፣ ኬብሉን ይመልሰውና ችግሩ ያገረሻል።

ስለዚህ ወደ ዋናው ስዊች የሚሄደው ኬብል ተነቅሎ ላቡ ለብቻው ተደረገ፤ ትክክለኛው የፖርት 24 ኬብል ሆን ተብሎ ተመለሰና ማዕበሉ ተነሣ። ከዚያ በስዊች 2 ላይ ካሉት ኬብሎች ግማሹ ተነቀለ፤ ካልቆመ ችግሩ በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው። በዚህ አካሄድ 24 ፖርት ቢበዛ በአምስት ዙር ያልቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ኬብል ተመልሶ ሲሰካ ማዕበሉ ወዲያው ላይነሣ ይችላል፤ የሚያስጀምረው ብሮድካስት ያስፈልገዋል። በዚያው ስዊች ላይ ከተሰካ ላፕቶፕ ማንም ያልያዘውን የዚያው ኔትወርክ አድራሻ ፒንግ ማድረግ በቂ ነው፤ ላፕቶፑ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ኤአርፒ ይለቃል። ይህን ሳያደርጉ «አሁን ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

ፍለጋው የስዊች 2 ፖርት 17 ላይ አረፈ። ፖርቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሲታይ ምንም የተለየ ነገር የለበትም፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ግድግዳ ሶኬት የሚሄድ ኬብል ነው። የቴስተሩ አንድ ክፍል በዚያ ኬብል ላይ፣ ሌላው በየሶኬቱ እየተሰካ ሲፈለግ ሶኬቱ በመስኮቱ በኩል ካለ ጠረጴዛ ስር ተገኘ። በዕረፍቱ ጠረጴዛዎች ሲዘዋወሩ አንድ ኮምፒውተር ተነሥቶ የ2 ሜትር ፓች ኮርዱ (ከሶኬት ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው አጭር ኬብል) ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ክፍሉን ያስተካከለ ሰው ነጻውን ጫፍ አጠገቡ ባለው ባዶ ሶኬት ሰክቶታል። አንዱ ሶኬት ከስዊች 2፣ ሌላው ከስዊች 1 የመጣ ነበር። ለዓይን ንጹሕና የተስተካከለ ይመስላል፤ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሊታይ የማይችለውም ለዚህ ነው።

ለምን አንድ ኬብል ግቢውን ሁሉ ጣለ?

ስዊች ብሮድካስት ሲደርሰው ከገባበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ይለቀዋል። በሁለት ስዊቾች መካከል ሁለት መንገድ ካለ በአንዱ የሄደው በሌላው ይመለሳል፤ ሲመለስም እንደገና ይለቀቃል። የኢተርኔት ፍሬም (በኬብሉ የሚሄደው የመረጃ ጥቅል) ደግሞ የዕድሜ ቁጥር የለውም። ቲቲኤልን የሚቀንሰው ራውተር እንጂ ስዊች አይደለም፤ ስለዚህ ዙሩ በራሱ አያልቅም። በ100 ሜጋቢት መስመር ላይ ትንሹ ባለ 64 ባይት ፍሬም በሰከንድ እስከ 148,809 ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ብሮድካስቱን ሁሉ ተቀብሎ ማየት ግዴታው ስለሆነ አሮጌዎቹ ማሽኖች ይደርቃሉ፤ ቫይረስ የተባለውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ያን ያህል አይታይም። ዋናው ስዊች የራውተሩ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ) በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚማረው ፍሬም ሲገባ የላኪውን አድራሻ እያየ ነው። ራውተሩ የላከው ብሮድካስት ላቡ ውስጥ ዞሮ ሲመለስ ዋናው ስዊች «ራውተሩ በላቡ በኩል ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ ሬከርድ ቢሮ ለራውተሩ የላከው ሁሉ ወደ ላቡ ይሄዳል። ሉፑ ከተቆረጠ በኋላም አንዳንድ ነገር ጥቂት ደቂቃ ላይሠራ ይችላል፤ በብዙ ስዊቾች ይህ መዝገብ የሚጸዳው ዝም ካለ ከ300 ሰከንድ በኋላ ነው። ዋናውን ስዊች አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ያፋጥነዋል።

ድሮ በተራ ኬብል ሁለት የስዊች ፖርቶች ቢገናኙ መብራቱም አይበራም ነበር፤ ክሮስ ኬብል (ሽቦዎቹ የተሻገሩ) ይፈልግ ነበር። ዛሬ ፖርቶቹ አውቶ ኤምዲአይኤክስ (የሽቦውን አቅጣጫ ራሱ የሚያስተካክል ዘዴ) ስላላቸው ማንኛውም ፓች ኮርድ ማንኛውንም ሁለት ፖርት ያገናኛል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ አደጋው ግን አብሮ መጥቷል።

መከላከያው፣ እና መከላከያው ሲፈተሽ

ለዚህ ችግር የታወቀው መፍትሔ ስፓኒንግ ትሪ ነው። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. የነደፈችው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በአይትሪፕልኢ 802.1ዲ ደረጃ የሆነ ዘዴ ነው። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባሉ መልእክቶች በየ2 ሰከንዱ ይላላካሉ፤ ሁለት መንገድ ካዩ አንዱን ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ስሪት መንገድ ለመቀየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አርኤስቲፒ የሚባለው ፈጣኑ ስሪት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል። በዚህ ትምህርት ቤት ዋናው ስዊች ላይ ይህ ነገር ነበረ፤ ግን አልበራም ነበር። በርካታ ርካሽ ማኔጅ የሚደረጉ ስዊቾች ከፋብሪካ ሲወጡ አጥፍተውት ይመጣሉ።

አርኤስቲፒ በራ፤ የዋናው ስዊች ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር) ከተለመደው 32768 ወደ 4096 ወረደ። ቁጥሩ ያነሰው ስዊች ሥር (ሌሎቹ መንገዳቸውን የሚለኩበት ስዊች) ይሆናል፤ ሁሉም 32768 ላይ ከተተወ ግን ማክ አድራሻው ያነሰው ይመረጣል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌውና ደካማው ነው። ኮምፒውተር በቀጥታ የተሰካባቸው ፖርቶች ኤጅ (ሳይጠብቅ ወዲያው የሚከፈት) ተደረጉ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፖርቱ እስኪከፈት ዲኤችሲፒ ሊያመልጠው ይችላል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሥራውን ዘግተው ይሄዳሉ። እዚህ ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ የውጤት መረጃው ባክአፕ ተወስዶ፣ ያው ፓች ኮርድ ያው ሁለት ሶኬት ላይ ሆን ተብሎ ተሰካ። ግቢው እንደገና ወደቀ። አርኤስቲፒ ምንም አላደረገም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቢፒዲዩ የሚላከው ለልዩ አድራሻ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ይህን አድራሻ ወደ ሌላ ፖርት አያሳልፍም። ማኔጅ የማይደረጉ ስዊቾች ስፓኒንግ ትሪ አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ቢፒዲዩን እንደ ተራ ብሮድካስት ያሳልፉታል፤ አንዳንዶቹ ይውጡታል። የላቡ ስዊቾች ከሚውጡት ወገን ነበሩ። ዋናው ስዊች የላከው ቢፒዲዩ ተመልሶ ስላልመጣ ሉፑን ሊያየው አልቻለም። ብሮድካስቱ ግን ያለ ከልካይ ያልፋል።

ስለዚህ ወደ ላቡ በሚሄደው ፖርት ላይ ሉፕባክ ዲቴክሽን ተጨመረ። ይህ ስዊቹ የራሱን የመፈተሻ ፍሬም በየጊዜው የሚልክበት፣ ፍሬሙ ተመልሶ ከመጣ ፖርቱን የሚዘጋበት ዘዴ ነው፤ ፍሬሙ የቢፒዲዩን ልዩ አድራሻ ስለማይጠቀም የላቡ ስዊቾች አሳለፉት። የመፈተሻው ጊዜ 5 ሰከንድ፣ የተዘጋው ፖርት ራሱ የሚከፈትበት ጊዜ 300 ሰከንድ ተደረገ። ፓች ኮርዱ ዳግም ተሰካ፤ በጥቂት ሰከንድ የላቡ ፖርት ተዘጋ፤ ሬከርድ ቢሮ አልተነካም። ላቡ ራሱ ግን አልዳነም፤ ሉፑ ውስጡ ስለሆነ ፓች ኮርዱ እስኪነቀል ይንተከተካል። ይህ ዘዴ ጉዳቱን ይገድባል እንጂ አያድንም።

ሌላው የተጨመረ ስቶርም ኮንትሮል ነው። የላቡ ፖርት ብሮድካስት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ላይ ተገደበ፤ በትንሹ ፍሬም ሲሰላ ወደ 2,000 ፍሬም ገደማ ነው። የዚህ መጠን ያለው ትምህርት ቤት በሰላም ጊዜ የሚያወጣው ብሮድካስት በሰከንድ ከአሥሮች አይዘልም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሥራ አይነካም። መልቲካስቱ (ለተመረጡ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የሚላከው) አልተገደበም፤ ላቡ ውስጥ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ለብዙ ኮምፒውተር ሲጫን መልቲካስት ሊጠቀም ስለሚችል ገደቡ ያንቀዋል። ሉፕባክ ዲቴክሽን ያላቸው ስዊቾች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በላኩበት ፖርት የተመለሰውን ብቻ ያያሉ፤ በሌላ ፖርት የመጣውን አያዩም። ስለዚህ መመሪያውን አንብቦ ማመን አይበቃም፤ ሉፕ ሠርቶ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሽቦው ላይ የተደረገው ግን ከሴቲንጉ አያንስም። እያንዳንዱ ሶኬትና የሳጥኑ ኬብል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ተለጠፈበት፦ 1-05 ማለት ስዊች 1 ፖርት 5። ስዊችን ከስዊች የሚያገናኙ ኬብሎች ብቻ ቀይ ሆኑ። ኮምፒውተር የሌለባቸው ሶኬቶች ኬብላቸው ከስዊቹ ተነቀለ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ባዶ ሶኬት ሕይወት ከሌለው ማንም ቢሰካበት ሉፕ አይፈጠርም። ተርፎ የቀረ ፓች ኮርድ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ይገባል፤ ጠረጴዛ ላይ አይንጠለጠልም። ለጽዳት ሠራተኞችና ለላቡ ተረኛ ተማሪዎችም የተነገራቸው አንድ አጭር ነገር ነው፦ ሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ኬብል የለም።

ሉፕ በኬብል ብቻ አይመጣም። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ዋይፋይና ኬብል በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ሁለቱ በብሪጅ ከተያያዙ፣ ወይም እንደ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ) የሚያገለግል የቤት ራውተር ሁለት የላን ፖርቱ ወደ ግድግዳ ከተሰካ፣ ያው ነው። ይህን ለመያዝ ወደ መምህራን ማረፊያና ወደ ቤተ መጻሕፍት በሚሄዱት ፖርቶች ላይም ሉፕባክ ዲቴክሽን በርቷል።

ከዋናው ሕንፃ እስከ ላቡ ያለው 70 ሜትር ኬብል ከ100 ሜትር ገደቡ በታች ቢሆንም በውጭ የሚያልፍ መዳብ ነው፤ በክረምት መብረቅ የሁለቱንም ጫፍ ስዊች ሊያቃጥል ይችላል። ሲቀየር በፋይበርና በሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ከመዳብ ኬብል ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) መሆን አለበት። ስዊች 2ም ከስዊች 1 ይልቅ በራሱ መስመር በቀጥታ ወደ ዋናው ቢመጣ ይሻላል፤ ይህ ከፋይበሩ ጋር አብሮ እንዲሠራ ታቅዷል። ላቡንና ቢሮውን በቪላን (አንድን ኔትወርክ በሴቲንግ የሚከፋፍል ዘዴ) መለየት ያልተደረገው ያለው ራውተር ስለማይችል ነው። በጀት ሲገኝ መጀመሪያ የሚገዛው የላቡ ስዊች 1 ምትክ የሚሆን ማኔጅ የሚደረግ ባለ 24 ፖርት ነው፤ ያኔ ሉፑ ላቡ ውስጥ ባለበት ፖርት ላይ ይዘጋል፤ የቀረው ላብም ሥራውን ይቀጥላል። እስከዚያው ፓች ኮርዱን ሰክቶ መፈተሹ በመስከረም ከምዝገባ በፊትና ከእያንዳንዱ የኮምፒውተር ፈተና በፊት ይደገማል፤ ውጤቱ በሳጥኑ በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋል።